የመልክ ባለቤት

የሰው መልክ የማን ነው? ጥያቄው ሲሰሙት የዋዛ ይመስላል። መልክ የባለመልኩ ነው፤ ከእናት ከአባቱ የወረሰው፣ ዘመንና ኑሮ የቀረጹለት ሀብቱ ነው። ሆኖም ይኸው መልክ በሸራ፣ በድንጋይ ወይም በወረቀት ላይ ከሰፈረበት ሰዓት ጀምሮ ነገሩ ይወሳሰባል። ያን ጊዜ በአንድ ፊት ላይ ሦስት ሰዎች ይገናኛሉ፤ የተሣለው፣ የሣለውና የሚያየው። ፖርትሬት በመባል የሚታወቀው የመልክ ሥዕል ትርጉሙ የሚፈለገው በእነዚህ በሦስቱ ግንኙነት ውስጥ ነው። ሥዕሉ ሰውየውን ቁርጥ መምሰሉ ብቻውን ብዙም አያስደንቅም፤ መምሰልማ መስተዋትም ያስመስላል።

የኢትዮጵያ ነባር ጥበብ ይህን ቀድሞ ያወቀ ይመስላል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኖቹ ተመልካቹን ያየዋል፤ ከሓዲው፣ አሳዳጁና ሰይጣኑ ግን በጎን ይሣላሉ፤ የሚተውላቸውም አንድ ዓይን ብቻ ነው። ሠዓሊው እዚህ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ነው። በግእዝ ድርሰት ደግሞ መልክእ የሚባል ራሱን የቻለ ዘርፍ አለ። ደራሲው ከራስ ጠጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ የቅዱሱን አካል ክፍል በክፍል እያነሣ፣ ለእያንዳንዱም ሰላምታ እያቀረበ ይወርዳል። መልክአ ማርያምን ዘወትር የሚደግም ምእመን እመቤታችን ምን ትመስል እንደ ነበር ከድርሰቱ አያገኝም፤ የቀረባት፣ እጅ የነሣት ያህል ግን ይሰማዋል። በቃል የተሣለው ምስል ከመግለጫነቱ ይልቅ ሰላምታነቱ ይበልጣል ማለት ነው።

ከዚህ አንድ የሞራል ጥያቄ ይወለዳል። ከያኒው ወደ ሰው ፊት ሲቀርብ ሰላም ሊል ነው ወይስ ሊወስድ?

እ.ኤ.አ. በ1650 ስፔናዊው ሠዓሊ ዲዬጎ ቬላስኬዝ ሮም ከተማ ላይ ሁለት ሰዎችን ሣለ። አንደኛው የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 10ኛ ነበሩ። ሁለተኛው ኋን ዴ ፓሬሃ ይባላል፤ በሥዕል ቤቱ የሚያገለግል፣ የሠዓሊው የገዛ ባሪያ ነበር። እዚህ ላይ የመልኩም የሥጋውም ባለቤት ነኝ ባይ ሠዓሊው ነው። ነገር ግን በሸራው ላይ የቆመው ፓሬሃ ቀና ብሎ፣ አንድ እጁን በደረቱ ትይዩ አሳርፎ፣ ነጭ የአንገት ጥልፉን እንደ መኳንንት ዘርግቶ ተመልካቹን በቀጥታ ያየዋል። ብሩሹ ሕጉ የነፈገውን ሰጥቶታል። ቬላስኬዝ በዚያው ዓመት የነፃነት ወረቀት ቢፈርምለትም ወረቀቱ ተጨማሪ አራት ዓመት ያስጠብቅ ነበር፤ እጅ ከብሩሹ መዘግየቱን ልብ ይሏል። ፓሬሃም ሠዓሊ ሆነ። በ1661 የማቴዎስን መጠራት ሲሥል ራሱን ከሥዕሉ ዳር አቆመ፤ ዓይኖቹም ወደ ተመልካቹ ናቸው። መልኩ ወደ ባለቤቱ የተመለሰው ያን ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህ ያለው ዕድል ያልገጠመው መልክ ደግሞ አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን በሽጉጥ ሰዉ። አምባውን የያዘው የእንግሊዝ ጦር ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው አስከትሎ ነበር፤ ተግባሩም ቅርስ መሰብሰብ ነው። ሆልምስ የንጉሠ ነገሥቱን ሬሳ ፊት በእርሳስ ነደፈ። በንጉሡ መኖሪያ የነበረውን፣ ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን እሾህ የደፋ የክርስቶስ ሥዕልም ለራሱ ወሰደ። የሬሳውን ፊት የሣለ ሌላም ሰው ነበረ። የዚህ የሁለተኛው ሠዓሊ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1959 ከንጉሡ ራስ የተቆረጠ ጠጉር ለለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም አስረከቡ። መልክን መውሰድና ጠጉርን መቁረጥ በአንድ ቤት ተቀመጡ። የንድፎቹ ጥራት እዚህ ላይ አያከራክርም፤ ሠዓሊው እጁ የሠለጠነ ሊሆን ይችላል። የተሣለው ሰው ግን ዓይኖቹን ገልጦ መልሶ ሊያየው አልቻለም። ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ጎድሏል።

ልጃቸው ዓለማየሁ በዚያው ዓመት የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዋይት ደሴት ላይ ስመ ጥሯ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራዋን ደቀነችበት። አንዳንዶቹ ፎቶግራፎች ላይ ሞግዚቱ ሻምበል ስፒዲ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ አብሮት ይታያል። ከመቅደላ ዘማቾች አንዱ የነበረው ሰው የተሸናፊውን አገር ልብስ ለብሶ ከተሸናፊው ልጅ ጎን ሲነሣ፣ ከዚያ በላይ የሚናገር ገላጭ ጽሑፍ አያስፈልግም። ካሜሮን ርኅራኄ አልነበራትም ለማለት አይቻልም፤ የልጁን ኀዘን አይታለች፣ አሳይታለችም። ግን ልጁ እሺ ይበል እምቢ የጠየቀው ማን ነው? ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2023 በቤተ መንግሥቱ ተቀባይነት አላገኘም።

ለዚህ ሁሉ መልስ ለመስጠት የተነሣችው ሥነ ጽሑፍ ናት። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘርይሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» የሟቹን ዓይን ከፈቱ። አንዳቸውም ሰውየውን አላዩም፤ የጻፉትም ከሞተ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ያም ሆኖ የኢትዮጵያ አንባቢ ቴዎድሮስን በዓይነ ኅሊናው የሚያየው በእነርሱ እንጂ በሆልምስ እርሳስ አይደለም።

ነገር ግን ፍቅርም ሊያዳላ ይችላል። ቴዎድሮስን የአንድነትና የሥልጣኔ ሕልም ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ድርሰት እ.ኤ.አ. በ1866 ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ያቃጠለውን እጅ ከሥዕሉ ክፈፍ ውጪ ይተወዋል። ከመቅደላ ገደል የተወረወሩት እስረኞችም መልክ ነበራቸው። ጀግናውን ሁለት ዓይን ሰጥቶ እነርሱን ዓይን አልባ ማድረግ ሌላ ዓይነት መውሰድ ነው። ከብርሃኑ መጽሐፍ ርእስ ውስጥ ዕንባ መኖሩ ስለዚህ ያስመሰግነዋል፤ የሚያለቅስ ዓይን ቢያንስ አንድ ነገር አይቷል።

በዚህ ረገድ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ፊታውራሪ መሸሻ ትልቅ ትምህርት ይዘዋል። በዘር የሚኮሩ፣ በባላገሩ ላይ የሚዘምቱ፣ መጨረሻ ላይ በዘመቱበት ባላገር የሚማረኩ ባላባት ናቸው። በጎን ሥሎ አንድ ዓይን ትቶላቸው ማለፍ ቀላል ነበር። ደራሲው ግን ፊት ለፊት ሣሏቸው፤ አንባቢ ስቆባቸው ሳይጨርስ ያዝንላቸዋል፤ ሥርዓቱንም አጥብቆ የሚጠላው ያን ጊዜ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየመድረኩ የታዩት ብዙዎቹ ባላባቶች በአንጻሩ የጎን ሥዕሎች ነበሩ። ተመልካቹ መጋረጃው ሲገለጥ መጨረሻቸውን ያውቀው ስለ ነበር ጭብጨባው ከመቀመጫው ተነቃንቆ ለማሰብ ጊዜ አልሰጠውም።

ስለ ቢሮ ግድግዳ ሥዕሎችም አንድ ቃል ማለት ያስፈልግ ይሆናል። በ1967 አንዱ ወረደ፣ በ1983 ሌላው ወረደ። ሚስማሩ ግን ብዙ ቦታ ያው ነበር። እንዲህ ያለው ሥዕል ለመታየት ሳይሆን ለማየት የሚሰቀል ነውና ከመልክ ሥዕል ይልቅ ለዘበኛ ይቀርባል።

ከለንደኑ ሙዚየም የነበረው የአፄ ቴዎድሮስ ጠጉር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ቴዎድሮስን የሚጫወት ተዋናይ ግን ጠጉሩ ከመመለሱ በፊትም ከመጋረጃው በስተጀርባ በመስተዋት ፊት ተቀምጦ ሹሩባውን ሲያሠራ ኖሯል። ሠሪዋ ጎን ለጎን እየጎነጎነች ወደ ማጅራቱ ትወርዳለች፤ እሱ ቃለ ተውኔቱን በለሆሳስ ይለማመዳል። ደወሉ ሲደወል ተነሥቶ ወደ ብርሃኑ ይወጣል፤ ፊቱንም ወደ አዳራሹ ያዞራል።