ፀሐይ ሳትገባ



በማዕድ ስንቀርብ እንጀራውን እንባርካለን። እንጀራው ከጤፍ፣ ጤፉም ከገበሬ እጅ መምጣቱን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ስለዚህ ዛሬ ወደ አባቶቻችን ማሳ ልመልሳችሁ እወዳለሁ።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሀብ አመጣ። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት አንድ በሬ የቀረችው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርስ ነበር፤ እርሷንም ያጣ ለባለበሬው በጉልበቱ ሠርቶ በሬ ለቀን ይዋሳል። በዚህ ላይ ገባር የሆነ ሰው ከራሱ ማሳ በፊት የጌታውን ሁዳድ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። ሚስቱ እህል ትፈጫለች፤ ልጁ ማገዶ ይሸከማል። ዝናብ መጥቶ መሬቱ ለዘር ሲመች፣ ያ ቀን ካለፈ የማይመለስ ሲሆን፣ እርሱ በሰው ማሳ ላይ ነው። ጢሰኛው ደግሞ እንደ ውሉ ሲሶ ወይም እኩሌታ ያስረክባል።

የሴት አያቴ አባት በሸዋ ጢሰኛ ነበሩ። ምርቱ ተሰፍሮ እስኪያልቅ ከውድማው አይለዩም፣ ሌሊቱንም በዚያው ያድሩ ነበር አሉ። ሌባ ፈርተው እንዳይመስላችሁ። «ድካሜ ሲሄድ ልሸኘው» ይሉ ነበር።

ይህን ሰምቶ ጣትን ወደ መኳንንቱ ብቻ መቀሰር ይቀላል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንም መሬት ነበራት፤ ካህኑም ደብተራውም የሚኖሩት ገበሬው ከዚያ መሬት በሚያስገባው ነበር። (ለመሥዋዕቱ የሚሆነው ስንዴም በዚያው እጅ ያለፈ ነው።) እኛ የቆምንበት ቅዳሴ ያልተቋረጠው እነዚህ ሰዎች ስላረሱ ጭምር ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ቁጥር 4 ስለ አጫጆች ሲናገር የሚጮኸው ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ የተያዘበት ደመወዝ ራሱ ይጮኻል። ባለጠጋው ዘንድ የተቀመጠው ገንዘብ አፍ አለው ማለት ነው። በኦሪት ዘዳግምም በምዕራፍ 24 የድኻው ሠራተኛ ዋጋ በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ታዝዟል፤ ነፍሱ በእርሷ ላይ ናትና።

ጢሰኝነት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቀርቷል። ታዲያ ነገሩ አለቀ?

ለአዳራሻችን መሠረት የቆፈረውን ሰው ታስታውሱታላችሁ። የሚያርሰው መሬት አጥሮት ከገጠር የመጣ፣ አፈሩን ሲያይ ገና «ይህ እኮ ጤፍ ያበቅላል» ያለን ሰው ነው። 3 ቀን ቆፈረ፤ ዋጋውን ግን አልተቀበለም። የገንዘብ እጥረት የለብንም፤ የጎደለው የ3 ሰዎች ፊርማ ነው። ከ3ቱ አንዱ እኔ ነኝ። ፈተና ደርሶብኝ ነበር፤ ቀጥሎም ረሳሁት። ስለ ገባር ለመጻፍ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው ትዝ ያለኝ፤ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው። ሰውየው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በበሩ አጠገብ ይቆማል፤ ማንንም አይጠይቅም። ሁለታችሁ ፈራሚዎች ሆይ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ እጠብቃችኋለሁ።