ያላየ ዳኛና አይቶ የፈረደ ዳኛ

በአማርኛ ቋንቋ በችሎት ተቀምጦ ነገር የሚሰማውም፥ በሜዳ ቆሞ ፊሽካ የሚነፋውም ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ዳኛ ይባላሉ። ይህ የስም አንድነት በከንቱ የመጣ አይደለም፤ ሁለቱም በተከራካሪዎች መካከል ገብተው አንዱን ደስ የሚያሰኝ፥ ሌላውን የሚያሳዝን ቃል ይናገራሉና። ነገር ግን የችሎቱ ዳኛ ቀጠሮ ይሰጣል፥ ምስክር ይጠራል፥ መዝገብ ያገላብጣል። ለሜዳው ዳኛ የተሰጠው የማሰቢያ ጊዜ ግን ከዐይን ጥቅሻ አይበልጥም። በተለይም የፍጹም ቅጣት ምት፥ የከተማ ልጅ ከጣሊያንኛ ተውሶ ሪጎሬ የሚለው፥ ኳስ ከጎሉ 11 ሜትር ርቆ ተቀምጦ በረኛው ብቻውን የሚቆምበት ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ የጨዋታው ዕድል በዚሁ ይቈረጣል።

ስለዚህ የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጡት ሰዎች በየካቲት ወር 2010 ዓ.ም.፥ በምስል መስኮት ፊት ተቀምጦ የሜዳውን ዳኛ የሚረዳ ሌላ ዳኛ በሕጋቸው ላይ ጨመሩ። የዚህ ረዳት ሥልጣን ያን ጊዜ በአራት ነገር ብቻ የተወሰነ ነበር፤ ጎል መሆንና አለመሆን፥ የፍጹም ቅጣት ምት መሆንና አለመሆን፥ በቀጥታ የሚሰጥ ቀይ ካርድ፥ አንዱ ባጠፋ ሌላው እንዳይቀጣ ጥፋተኛውን መለየት። በእነዚህም ቢሆን ሊገባ የሚችለው የዳኛው ስሕተት ግልጽና የማያጠራጥር ሲሆን፥ ወይም ከባድ ነገር ከዐይኑ ሲያመልጥ ነው። የመጨረሻው ቃል ምንጊዜም የሜዳው ዳኛ ነው።

ሕጉ እንዲህ አጭር ሲሆን ክርክሩ ለምን በዛ? በዲላ ከተማ ጨዋታ በሚታይባቸው ቤቶች፥ «ለምን አልጠሩትም?» የሚለውና «ለምን ጠሩት?» የሚለው ጩኸት ከአንድ አግዳሚ ላይ ይነሣል። ይህም የሚሆነው ሁለት የተለያዩ ነገሮች «ስሕተት» በሚል በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው፤ ይኸውም አለማየትና አይቶ ሌላው በማይወደው መንገድ መፍረድ ነው።

ለዚህ ነገር ከኢትዮጵያ ሰው የተገኘ ምሳሌ አለ። ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ፥ ሴኔጋልና ቡርኪና ፋሶ በአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲገናኙ የመሐል ዳኛው አቶ ባምላክ ተሰማ ነበሩ። የቡርኪና ፋሶ በረኛ ኳስ ለማራቅ ወጥቶ ከሴኔጋል ተጫዋች ጋር ቢጋጭ ለሴኔጋል የፍጹም ቅጣት ምት ፈረዱ፤ ምስሉን አይተው ሻሩት። ዕረፍት ሊሆን ሲል ደግሞ ኳስ የተከላካዩን እጅ ነክቷል ብለው ዳግመኛ ፈረዱ፤ እርሱንም ሻሩት። ሴኔጋል ኋላ 3 ለ 1 ስላሸነፈች «ባይታረምስ ምን ይጎዳ ነበር?» የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን ፍርድ በመጨረሻው ውጤት አይመዘንም። በአንድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ በሕዝብ ፊት ቃልን መመለስ ለዳኛ እንደ ውርደት የሚቈጥረው ብዙ ነው። ሆኖም በሁለቱም ጊዜ የተጠየቀው የሚታይ ነገር ነበር፤ ማን ማንን መታ? ኳሱ የነካው የትኛውን አካል ነው? ከአንድ ወገን የቆመ ሰው ከሌላው ወገን ያለውን ማየት አይችልም። መስኮቱ ያንን ወገን ካሳያቸው በኋላ በመጀመሪያው ቃል ቢጸኑ ኖሮ፥ ውርደቱ ያን ጊዜ በሆነ ነበር።

የአገራችን ሕግም ይግባኝ ካለቀ በኋላ እንኳ አንድ በር ክፍት ትቷል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፥ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ፍርድ በሰበር እንዲያርም ሥልጣን ይሰጠዋል። የሰበር ችሎት ሕጉን ያርማል እንጂ ምስክር እንደገና አይሰማም። የምስሉ ረዳት ግን የዚህ ግልባጭ ሊሆን ይገባዋል፤ ምስክሩን ያቅርብ፥ ሚዛኑን ግን ለባለ ፊሽካው ይተው።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ታዲያ ያልታየው ነገር ራሱ ሚዛን ሲፈልግ ነው። ሐምሌ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. በሞስኮ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፥ ፈረንሳይና ክሮኤሺያ 1 ለ 1 ሳሉ ከማዕዘን የመጣው ኳስ የክሮኤሺያውን የፔሪሺችን እጅ ነካ። አርጀንቲናዊው ዳኛ ፒታና አላዩትምና መጠራታቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን አይተው ሊሄዱ ሲሉ ተመልሰው እንደገና አዩ፤ ከዚያም ፈረዱ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ቅጣቱ ዐውቆ በእጅ ለነካ ነው ይል ነበር። ኳሱ እጁን መንካቱን መስኮቱ ያሳያል፤ ዐውቆ መንካቱን ግን ሊያሳይ አይችልም። ይልቁንም ምስሉ ሲዘገይ፥ ድንገት የተወረወረ ክንድ አስቦበት የተዘረጋ ይመስላል። ሕጉም ራሱ ይህን ዐውቆ፥ የዘገየ ምስል የተነካውን ቦታ ለመለየት፥ የጥፋቱን ክብደት ለመመዘን ግን በተለመደው ፍጥነት የሚሄድ ምስል እንዲታይ ያዛል። ሁለት ጊዜ አይቶ ያመነታ ዳኛ ምን ማድረግ ይገባው ነበር? ፈረንሳይ በዚያ ምት መሪነቱን አገኘች፥ ኋላም 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ይህን ያህል የሚያመነታ ነገር ባይቀጣበት የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል።

«መዘግየት ምን ክፋት አለው? የጌዴኦ ሽማግሌዎችስ በሶንጎ ተቀምጠው ነገሩን ሳይቸኩሉ አይደለም ወይ የሚመረምሩት?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በሶንጎ የሚዘገየው ሰሚው ነው። ከሳሽ ይናገራል፥ ተከሳሽም ይመልሳል፥ ሽማግሌው ሁለቱን ያመዛዝናል። በመስኮቱ ግን የሚዘገየው ድርጊቱ ራሱ ነው፤ ተከሳሹም «እንዲህ አስቤ ነበር» ብሎ የሚናገርበት ስፍራ የለም።

በዲላ ሜዳ የሚዳኘው ወጣት ከዚህ ሁሉ መሣሪያ አንዱ የለውም። ተመልካቹ ግን ማታ በመስኮት ያየውን በማግስቱ ከእርሱ ይፈልጋል፤ ፍርዱ ያልጣመው ሁሉ ስሕተት ይመስለዋል፥ ስድብና ድንጋይም ከዚህ ይመጣል። ያም ሆኖ ለዚህ ወጣት ሕጉ የሰጠው ሁለተኛ ዐይን አለ፤ እርሱም ባንዲራ ይዞ በመስመር ዳር የሚሮጠው ረዳቱ ነው። ፊሽካ ከነፋ በኋላ ወደ እርሱ ሄዶ «አንተ ካለህበት ምን ታየህ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ያላየውንም ሰምቶ የሰጠውን ቅጣት ቢመልስ፥ ጨዋታው ዳግመኛ እስካልተጀመረ ድረስ ሕግ አይከለክለውም።