የተናገሩትና የወለዱት

“የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” የሚለውን ተረት አከብረዋለሁ። ከብትና እህል፣ ቤትና ማሳ በቃልና በምስክር ሲገበያይ የኖረ ሕዝብ እንዲህ ያለ ጽኑ አባባል ያስፈልገዋል። በቅርቡ አንዲት የሰፈራችን እናት ከሕግ አማካሪ ዘንድ ይዛ የተመለሰችውን መልስ ከሰማሁ ወዲህ ግን ከተረቱ ጋር ሙግት ገጥሜያለሁ።

ልጇ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ነበር። ከአራጣ አበዳሪ ለ6 ወር 200 ሺህ ብር ወሰደች። በወር 10 በመቶ የታሰበው ወለድ አስቀድሞ ዋናው ላይ ተደምሮ፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው “320 ሺህ ብር ያለ ወለድ ተበድሬአለሁ” የሚል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚከለክል፣ ለዚያ ገንዘብ የ6 ወር ወለድ ቢበዛ 12 ሺህ ብር ነበር። እሷ 120 ሺህ ፈረመች። ቀኑ ደርሶ መክፈል ሲያቅታት ሽማግሌዎች መጡና ተረቱን ጠቀሱባት። ቃሉን የሰጠችው ግን የወለደችው እንዳይጠፋ ብላ ነው!

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1710 እስከ መንገዱ እኩሌታ ከተረቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ውል ለአንዱ ወገን አብልጦ ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም፤ አርክሶ የሸጠም አስወድዶ የገዛም በቃሉ ይጽና። እዚህ ላይ እኔም እስማማለሁ፤ አለዚያ ማንም ከማንም ጋር አይዋዋልም። ነገር ግን የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣቱን መጠቀሚያ በማድረግ ከሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ተረቱ የተናገረውን ብቻ ይጠይቃል፤ ሕጉ ያናገረውንም ይጠይቃል።

ታዲያ ሕጉ ለምን አላዳናት? የአማካሪው መልስ ‘ጊዜው አልፎብሻል’ የሚል ነበር። በአንቀጽ 1810 መሠረት በዚህ ምክንያት ውል እንዲፈርስለት የሚፈልግ ሰው፣ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። እሷ ያንን ጊዜ የጨረሰችው ወርቋን ሸጣ፣ እንጀራ እየጋገረች ስትከፍል ነው። መክሰስ ቃል ማጠፍ መስሎ ታይቷት ነበር። በሯን የዘጋባት ቃሏን ማክበሯ መሆኑ ያንገበግበኛል።

ተረቱን አልጥለውም፤ ለሁለቱም ወገን እንዲሠራ ግን እጠይቃለሁ። 200 ሺህ ሰጥቶ “320 ሺህ ያለ ወለድ” ያስጻፈ ሰው የመጀመሪያው ቃል አባይ እሱ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 የሌላውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ አራጣ የሚያበድርን ሰው ይቀጣል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ተበዳሪዋ ነው። ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብላቸው፣ ተረቱን ከማንሳታቸው በፊት አበዳሪውን “በእጇ ያስገባህላት ስንት ነው?” ይበሉት።