ከመሳቢያ ሥር ያለው ፋይል

ልጆቼ፣ ሰኔ 30 አልፎ የበጀት ዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ መሥሪያ ቤት ሁሉ ምን አተረፍን፣ ምን ጎደለን ብሎ ይጠይቃል። ዕድሜዬን ሂሳብ ስዘጋ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የራሳችሁንም ሂሳብ እንድትዘጉ ልመክራችሁ ነው። አባቶች «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ጉድለቱን ያላወቀ ሰውም መማር አያምረውም፤ ባለበት ይኖራል።

በ1995 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ሥራ ላይ ሲውል እኔ ነባር የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ሌላው ሥራዬ በሰዓቱ ሲያልቅ የቫቱን ፋይል ግን «ነገ አየዋለሁ» እያልኩ ከመሳቢያዬ ሥር እከተው ነበር። ቀኑ ሲደርስ በግድ ሠራሁት። በዕድሜ ልጄ የምትሆን ገንዘብ ያዥ ወረቀቱን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይሄ 1,150 ብር እኮ ቫቱ ውስጡ ነው፤ እርስዎ 15 በመቶውን ከጠቅላላው ላይ ነው ያሰቡት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠቅላላውን ለ115 አካፍሎ በ15 ማባዛት ነበረብኝ። ታክሱ 150 ብር ሆኖ ሳለ እኔ 172 ብር ከ50 ሳንቲም ጽፌያለሁ። በአንድ ደረሰኝ 22 ብር ከ50፤ ደረሰኙ ደግሞ ክምር ነው። ፊቴ ጋለ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጉድለቴን ከእሷ ቀድሞ የነገረኝ መሳቢያው ነበር፤ አልሰማሁትም እንጂ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ለነገ ያሳደራችሁትን ሥራ ሁሉ በደብተራችሁ ጻፉ። ደጋግሞ የሚያድረውን ስታገኙት «ሰነፍ ነኝ» ብላችሁ አትለፉት፤ ለምን እንደምትሸሹት ጠይቁ። አሠራሩን ስለማታውቁት ከሆነ መማር ነው። አውቃችሁት እጃችሁ ስላልፈታ ከሆነ ደጋግሞ መሥራት እንጂ ሌላ ኮርስ አይፈታውም። ሰው ፊት መናገር ወይም «አላውቅም» ማለት አስፈርቷችሁ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ ከሙያው ሳይሆን ከጠባይ ነው፤ እሱም ይታረማል። ይህን ሳይለዩ ሰርተፊኬት መሰብሰብ ጥርሱን የታመመ ሰው የዓይን ጠብታ እንደ መግዛት ነው።

ቀጥሎ ሰው ጠይቁ። ወዳጅ ስለሚወዳችሁ ይሸፍንላችኋል፤ ሥራችሁን ከእጃችሁ የሚቀበለውን ሰው ጠይቁት። «ሥራዬ እንዴት ነው?» ብትሉት «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። «ከሠራሁት ውስጥ መልሰህ የምታስተካክለው የትኛውን ነው?» በሉት። ሲነግራችሁ ሰበብ አትደርድሩ፤ አመስግኑና ጻፉት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

ካወቃችሁ በኋላ ሁሉንም በአንዴ አትጀምሩ። የቆሎ ተማሪን አስቡት። ድጓ የጎደለው ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ የጠማው ወደ ዋሸራ በእግሩ ይሄድ ነበር። የጎደለውን ለይቶ፣ እሱን ወደሚያስተምር መምህር ነው የሚጓዘው። እናንተም ለዘንድሮ አንድ ጉድለት ምረጡ፣ መምህሩን ፈልጉ፣ እስከሚቀጥለው ሰኔ ቀን ቁረጡለት።

የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ በ2006 ዓ.ም. ወጥቶ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ ወደ እኛ ሲመጣ፣ የመጀመሪያውን ሰነድ መሳቢያ ውስጥ ልከት እጄን ስዘረጋ ራሴን ያዝኩት። ተነሥቼ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ ወደ ወጣ ልጅ ጠረጴዛ ሄድኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «እስቲ አስተምረኝ» አልኩት። ስማር ከረምኩ እንጂ አላፈርኩም።

ጉድለታችሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚነግራችሁ ሰው አይጥፋባችሁ። የምትሰሙበትንም ጆሮ ይስጣችሁ።