የእኛ ፍላሽና የሰው ቤት መብራት

ለመሆኑ ሰው ቤት ገብቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው በማን ብርሃን ያንሣ? ይዞት በመጣው ፍላሽ ወይስ ባለቤቶቹ በሚኖሩበት መብራት? ነገሩ የሙያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኛ ግን የሞራል ጥያቄም ነው እንላለን።

እስቲ ኒውዮርክን እንመልከት። ጃኮብ ሪስ የተባለው ጋዜጠኛ ከ1887 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በድሆች ሰፈር በሌሊት እየዞረ በማግኒዚየም ዱቄት ብልጭታ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። በቤያርድ ጎዳና በአንዲት ክፍል ተፋፍገው የተኙ ሰዎችን ያነሣበት ፎቶ እስከ ዛሬ ይታያል። ክፍሏ በየጎኗ 4 ሜትር አትሞላም፤ 12 ሰው ያድርባታል። ሪስ በ1890 ባወጣው መጽሐፍ እዚያች ክፍል ውስጥ የላምባ መብራት ፈዝዞ ይበራ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ፎቶው ላይ ግን ሁሉን ያበራው ማግኒዚየሙ ነው። ከእንቅልፉ የባነነ ፊት ያፈጥብናል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። ሪስ አጥሩን ነቅንቋል። ሆኖም ልፋቱ ከንቱ ነበር አንልም፤ «አላየንም» ይሉ የነበሩ አይተዋል፤ እሱ የታገለበት መልበሪ ቤንድ የተባለው የተጎሳቆለ ሰፈር ፈርሶ በ1897 መናፈሻ ሆኗል።

ታዲያ ፍላሽ ጭራሽ ይቅር? እንዲህ የሚሉ አሉ። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ፍላሽን እንደ ባለጌነት ይቆጥረው ነበር። ነገር ግን የሰው ዓይን ጨለማን ይለምዳል፤ ፊልም አይለምድም። ኩራዝ አጠገብ የተቀመጡ እናት ፊታቸው ለእኛ ወለል ብሎ እየታየን ፎቶው ላይ ጥላሸት ብቻ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። ጨለማም ይዋሻል እኮ!

ዝም ብለን ፍላሹን ብንለቅስ? በ1 ሜትር ላይ ያለው ሰው ከሚያገኘው ብርሃን በ3 ሜትር ላይ ላለው ግድግዳ የሚደርሰው 1/9 ብቻ ነው። ሰውዬው እንደ ኖራ ይነጣል፤ ቤቱ ይጠፋል። ሰውን ከነኑሮው አነሣን ማለት ይቻላል?

መላው ያለው ጊዜ ላይ ነው። የፍላሽ ብልጭታ ብዙውን ጊዜ 1/1000 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላው ያልቃል። የካሜራው መዝጊያ ለ1/125 ሰከንድም ይከፈት ለ1/15፣ የፍላሹ ድርሻ ያው ነው። የቤቱ መብራት ግን ደካማ ነውና ጊዜ ይፈልጋል፤ ከ1/125 ወደ 1/15 ስንወርድ 8 እጥፍ ያህል ይጨመርለታል። ፍላሹን ፊት እስኪለይ ድረስ ብቻ ቀንሶ፣ ቀለሙ ከአምፖሉ ጋር እንዲስማማ ብርቱካንማ ማጣሪያ ማልበስ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ዋጋ አለው። መዝጊያው ሲዘገይ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ባለቤቱን «እባክዎ ትንሽ ይታገሡን» ብሎ መለመን ግድ ነው። የተለመነ ሰው ደግሞ «አይሆንም» ሊል ይችላል! ብልጭ አድርጎ የሚሮጥ ይህን መልስ አይሰማም። ለእኛ በሁለቱ መካከል ያለው የሞራል ልዩነት ይኸው ነው።

እኛ ተማሪዎች ዕውቀትን «ብርሃን» ማለት እንወዳለን። ይዘነው ወደ ሰው ቤት ስንገባ እዚያ ሲበራ ለቆየው ኩራዝ ስንት ጊዜ እንሰጠዋለን? አንባቢ ይፍረድ።