ኃላፊነቱ የተወሰነ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በመንገድ ዳር የተተከሉትን የንግድ ሰሌዳዎች የሚያነብ ሰው፣ ከድርጅቱ ስም ቀጥሎ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው ቃል በየስፍራው ያጋጥመዋል። እኔም ወደ ቢሮ ስሄድና ስመለስ ዘወትር ስለማነበው፣ ውሎ አድሮ ጥያቄ ሆነብኝ። የተወሰነው ኃላፊነት የትኛው ነው? ወሰኑስ በማን ደጃፍ ላይ ይቆማል?

ሕጉ ግልጽ ነው። ማኅበሩ ከመሥራቹ የተለየ ሰውነት አለው፤ ቢከስር ባለዕዳው ማኅበሩ እንጂ የመሥራቹ ቤት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለእንዲህ ያለው ማኅበር ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቅ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቀደ። ይህም መልካም ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ ወጣት ጎጆውንም ጭምር የሚያጣ ቢሆን ኖሮ፣ ለመጀመር የሚደፍር ባልተገኘም ነበር።

ይሁን እንጂ በሰፈራችን የሆነውን ላጫውታችሁ። አንድ ጎረቤቴ ወጣት የነጠላና የጋቢ ሥራ ጀምሮ፣ ጥጥ ከሚፈትሉ እናቶች ፈትል በዱቤ ይወስድ ነበር። ሥራው በዓመቱ ተዘጋ። ሊያስረዳ በመጣ ጊዜ፣ «እማማ፣ የከሰረው እኮ ማኅበሩ ነው» ቢላቸው፣ አንደኛዋ እናት «ልጄ፣ ፈትሉን የወሰድኸው አንተ ነህ፤ ማኅበሩን እኔ አላውቀውም» ሲሉ መለሱለት።

ለዚህ ቃል መልስ ፈልጌ አጣሁ። እኚህ እናት ደመወዝተኛ ቢሆኑ ኖሮ፣ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ የሠራተኛን ክፍያ ከሌላው ዕዳ ስለሚያስቀድም መጠጊያ ባገኙ ነበር፤ በቤቱ ፈትሎ የሚሸጥ ሰው ግን በዚያ አይቈጠርም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐውጀዋል። ስድቡን ብንተው እንኳ፣ የሠራበትን ዋጋ ማስቀረት ከስድብ በምን ይሻላል?

ባንክ ሲያበድር ውል አንብቦ፣ መያዣ ይዞ ነው፤ ወሰኑን ዐውቆ ስለ ገባ ኪሳራውን ቢካፈል አልተበደለም። እማማ ግን ያመኑት ፊቱን አይተው ነው። እንግዲህ ወሰን ወሰን የሚሆነው አስቀድሞ ለተነገረው ሰው ብቻ ይመስለኛል። ከባድ ፍርድ ነው የሚለኝ ይኖራል፤ ነገር ግን ወጣቱን ዕድሜውን ሙሉ ባለዕዳ ሁን አላልሁትም፤ ፈትሉን ከመውሰድህ በፊት «ሥራው ከወደቀ ላልከፍል እችላለሁ» ብለህ ንገራቸው ነው የምለው። ያን ጊዜ እሺ ወይም እንቢ ማለት የእርሳቸው ፈንታ ነው።

ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በዘነበወርቅ፣ ከአያታቸው ግቢ ውስጥ ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ሥራ ሲጀምሩ ገንዘቡ የቤተሰብ ነበር። አባቶቻችን በረባሶ የሚሉትን የጎማ ጫማ አሻሽለው፣ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ከተሠራ ጨርቅ ጋር አዋሕደው በውጭ አገር ገበያ እስኪሸጥ አደረሱት። ስለ ዝናው ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ ግቢ ነው። በአያቱ ግቢ፣ በዘመዱ ገንዘብ የሚጀምር ሰው ባለገንዘቡን በየማለዳው «እንደምን አደርህ» ሲለው ያገኘዋል፤ «ማኅበሩ ነው» የሚለውን ቃል ከወዴት ያመጣዋል?

ጎረቤቴ ዛሬ በሌላ ሰው ሱቅ ተቀጥሯል። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ከዕዳው ጥቂቱን ይዞ ወደ እማማ ቤት ገባ። እርሳቸውም ቈጥረው ተቀበሉት፤ የቀረውም ስንት እንደ ሆነ ነገሩት።