ቅኝት ሲሻገር

ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። ምህንድስና ይማራሉ ተብሎ ብሪታንያ ቢላኩም፣ ዌልስ ውስጥ በገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት ያገኙት ትራምፔት ሐሳባቸውን አስለወጣቸው። ከለንደንና ከቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት በኋላ ኒውዮርክ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት አልበሞች አወጡ። ዋና መሣሪያቸውም ቫይብራፎን ሆነ። ላቲን፣ ጃዝና ፈንክ ከአገራችን ቅኝት ጋር የተገናኙበት ኢትዮ ጃዝ የተወለደው ከዚህ ጉዞ ነው።

እንዲህ ያለ ጉዞ አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ዜማ ድንበር እየተሻገረ ራሱን ሆኖ የሚቆየው እስከ ምን ድረስ ነው?

«አምስቱ ድምፆች እስካሉ ድረስ ቅኝቱ አለ» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የሆነውን ትዝታን በሜጀር ከዶ ተነስተን ብንመታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እናገኛለን። ፋ እና ሲ የሉም። በአውሮፓ ሃርመኒ ደግሞ ጆሮን ወጥረው ወደ ዶ የሚጎትቱት ሁለቱ አብረው ሲመቱ ነው። ትዝታ ያለ እነርሱ ጉተታ፣ በራሱ ጊዜ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ፒያኖው ከሥር የተለመደውን ኮርድ ቢያስገባ፣ ዘፋኙ አንዲት ድምፅ ሳይስት ትዝታው ከእጁ ያመልጣል። ቅኝትን ቅኝት ያደረገው የያዘው ብቻ አይደለም፤ የተወውም ጭምር ነው። ሌላው ቅኝት ባቲ ሜጀር ግን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ ሁለቱንም ይዟል፤ ለአንዱ የሚስማማው ሌላውን ያበላሻል።

የሙላቱን ታላቅነት የማየው እዚህ ላይ ነው። «የግሌ ትዝታ» የተባለውን ሥራቸውን ልብ ብሎ ላዳመጠ፣ ቤዙ አጭር ሐረግ እየደጋገመ መሬት ይሆናል፣ ሳክስፎኑ በላዩ እንደልቡ ይመላለሳል። ኮርድ የተማረ ሰው ኮርድ መቆጠቡ ቀላል አይደለም።

ቡናም ከእኛ ደን ወጥቶ ዓለምን ዞሮ፣ ማኪያቶ ሆኖ ወደ ጅማና አጋሮ ካፌዎች ተመልሷል፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው የሚል ይኖራል። ቡና ምርጫ የለውም፤ የሚቆላው ሰው እንዳሻው ያሳርረዋል። ሙዚቀኛ ግን የሚጨምረውን ብቻ ሳይሆን የማይነካውንም ይመርጣል። ማንነት ይቀጥላል ስል ይህን ምርጫ ማለቴ ነው፤ የትውልድ ሥፍራን አይደለም። ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ስማቸው የወሎ ነውና ጅማ በልጇ መኩራቷ ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ ሙዚቃው ከቡናው ሥር በቀለ ማለት ግን ማጋነን ነው።

ሙላቱ ራሳቸው ከአራቱ ቅኝቶች አልፈው የደራሼ ሕዝብን የዋሽንት ጨዋታ ደጋግመው ያነሳሉ። ያ መንገድ ወደ ጅማም ይወስዳል። በሊሙ፣ በጌራና በጎማ የሚዘፈነው የኦሮሞ ዜማ የትኛውን ድምፅ ይዞ የትኛውን ትቷል? ኪቦርድ ከመክፈቱ በፊት ይህን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ የጅማ ወጣት ያስፈልጋል።